ተሳታፊ ሀ

ተነስታ ቆመች እኮ፣ እናንተዬ። አርባ የኮሌጅ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ እጇን እንኳን ሳታወጣ ብድግ ብላ፣ "ተሳታፊ ሀ እኔ ነኝ" አለች። በቃ፣ እንደዚህ። ሲንከተከት የነበረው ክፍል በአንድ ጊዜ ጸጥ። ሰሌዳው ፊት ቆማ ስታብራራ የነበረችው ታላቅ እህቷ የያዘችው ማስመሪያ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ነጠረ፤ ጎንበስ ብላ ማንሳት እንኳን አቃታት።

ቆይ ቆይ፣ ከመሃል ጀመርኩባችሁ። ግን ይሄን ሳልነግራችሁ በሌላ ብጀምር እፈነዳ ነበር። እሺ፣ አሁን በሥርዓቱ።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማይሆንላት ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የሚሏት፤ ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው። ታላቅ እህቷን ደግሞ ፌንጣ ራሷ ሊቋ ብላ ሰይማታለች። ለምን መሰላችሁ፣ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳን ምክንያቱን ካላብራራች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሊቋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት የምታጠና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን በመጋረጃ ከሁለት ከፍላ በአንዱ ወገን የስፌት መኪናዋን አስቀምጣለች፣ ሊቋ ተመርቃ ሥራ እስክትይዝ ድረስም ወሯን እየቆጠረች ነው የምትሰፋው።

የዚያን ቀን ፌንጣ ከጠዋት ፈረቃ ወጥታ ቤት ስትገባ እናቷ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ስለነበር መናገር አልቻለችም፣ በአገጯ ነው ወደ ጠረጴዛው የጠቆመቻት። እዛ ላይ በላስቲክ የታሰረ ትልቅ ጥቅል ወረቀት አለ። ሊቋ ረስታው ሄዳለች። ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ፊት የምታቀርበው የጥናቷን ውጤት በዓምድ የሚያሳይ ሥዕል ነው፣ ያለሱ ባዶ እጇን ነው የምትቆመው። ምሳሽን ስትመለሺ ትበያለሽ ተባለችና ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ጥቅሉን ሰው እንዳይጨፈልቅባት እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። አንዲት ሴትዮ በቦርሳዋ ገፋ ስታደርግባት፣ "እህቴ ሌሊቱን ሙሉ የሠራችው ነው፣ እባክዎ" ብላ ተቆጣች። አስቡት እስቲ። የገዛ ጉዷን ነው አቅፋ የምትጠብቀው።

ኮሌጁ ስትደርስ ሊቋ በር ላይ እየተቁነጠነጠች ነበር። ጥቅሉን ነጠቅ አደረገቻት እንጂ አመሰግናለሁ እንኳን አላላትም፣ "በቃ ሂጂ" አለቻት። ፌንጣ ግን የኮሌጅ ክፍል ገብታ አታውቅም። ሂጂ ሲሏት የምትሄድ ልጅ ብትሆን ኖሮ ደግሞ ፌንጣ አትባልም። በኋለኛው በር ገብታ ቁጭ አለች።

የሊቋ የቤት ሥራ ይሄ ነው፦ አንድን ሰው ሠላሳ ቀን መመልከት። ምን ያነሳሳዋል፣ ምን ያናድደዋል፣ ዕድገቱ የት ደርሷል፣ ይሄንን መጻፍ። መጀመሪያ የጎረቤት ልጅ ይዛ ነበር፣ የአራት ዓመት ሕፃን፤ በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ ቤት ለቆ ሄደባት። ከዛ ማንን እንደያዘች ለማንም አልተናገረችም።

ወረቀቱ ተዘርግቶ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሊቋ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። የምትመለከታትን ልጅ ማንነት ለመጠበቅ ተሳታፊ ሀ እንደምትላት ተናገረች። ተሳታፊ ሀ በጉርምስና ዕድሜ መሃል ላይ ናት፣ ስሜቷን መግዛት ያዳግታታል፣ በሳምንት በአማካይ ስድስት ጊዜ በር ታላትማለች፣ መስታወት ፊት በቀን አርባ ደቂቃ ትቆማለች፣ አንድ ጊዜ ሻምፖ አለቀ ብላ አልቅሳለች። ክፍሉ ሳቀ። እና ታውቃላችሁ፣ ፌንጣም ሳቀች። ሙች፣ ከልቧ ነው የሳቀችው። የማንን ምስኪን ልጅ ነው እንዲህ የምታሳጣው ብላ አዝና ሁሉ ነበር።

ከዛ ሊቋ በማስመሪያው ወደ ሥዕሉ እየጠቆመች፣ "ተሳታፊዋ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ዓይናቸው ለማያይ አንድ አረጋዊ ጋዜጣ ታነባለች" አለች።

ፌንጣ ክው አለች።

አሁን ስለ ንባቡ ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም። አያቷ፣ ቤት ውስጥ አባባ የሚሏቸው፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ግላኮማ ከወሰደባቸው ወዲህ ቀናቸው በሙሉ ወደ አንድ ሰዓት ተጠቅልሏል፣ እሱም አስር ሰዓት ነው። ፌንጣ በረንዳ ላይ ጎናቸው ትቀመጥና የጋዜጣውን የፍርድ ቤት ገጽ ታነብላቸዋለች። ፍርዱን ከማንበቧ በፊት ግን ታቆማለች፤ መጀመሪያ እሳቸው ይፈርዳሉ፣ ቀጥሎ እሷ ትፈርዳለች፣ ከዛ የዳኛው ይነበባል። ይጣላሉ እኮ። አንድ ጊዜ በድንበር ክርክር ተኳርፈው እራት ሳይነጋገሩ በልተዋል። ዳኛው ጠንከር ሲል አያትየው "ይሄ ሰውዬ ፍሬን የለውም" ይላሉ፣ ሲለሳለስ ደግሞ "በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ሊወጣ ነው" ይላሉ። ማንም አንብቢ ብሏት አያውቅም። አስር ሰዓት ሲደርስ እግሯ ራሱ ወደዛ ነው የሚወስዳት።

ሊቋ ይሄን ነው ሥዕል ያደረገችው። የመጀመሪያው አሥር ቀን ዝም ብላ ተመለከተች፦ አሥር ቀን፣ አሥር ንባብ። በሁለተኛው አሥር ቀን ለእያንዳንዱ ንባብ ፌንጣ ግማሽ ሰዓት በሊቋ ስልክ እንድትጫወት ፈቀደችላት። ፌንጣ ደስ ብሏት ነበር፣ እህቴ ጨዋ ሆነች ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታለች። በሃያ አንደኛው ቀን ስልኩ ያለ ምንም ምክንያት ቆመ። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰማያዊ ዓምዶች ተሰልፈው ይመጡና እዛ ጋ ሲደርሱ አንድ ብቻ ይቀራል፤ ከዛ በኋላ ወረቀቱ ነጭ ነው። ዘጠኝ ቀን ነጭ።

"ሽልማቱ ሲቆም ድርጊቱም ቆመ" አለች ሊቋ። "ስለዚህ ወይ ተነሳሽነቷ ከመጀመሪያውም ከውስጥ አልነበረም፣ ወይ ሽልማቱ የውስጡን ገድሎታል።"

ከፊት የተቀመጠ አንድ ረጅም ልጅ ዞር ብሎ ለጓደኞቹ፣ "በአጭሩ ሽማግሌውን ለስልክ ብላ ነው የምትወዳቸው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እዚህ ጋ ነው የተነሳችው።

መምህሩ ከሲታ ሰውዬ ናቸው፣ ኮታቸው እጅጌ ድረስ ጠመኔ የነካው። አልጮሁም። ወደ ሊቋ ዞሩና የፈቃድ ቅጹ ላይ ልጅቷ ፈርማ እንደሆነ ጠየቁ።

"እህቴ ናት" አለች ሊቋ።

"እህትሽ መሆኗን አልጠየቅኩም።"

ሊቋ መሬት መሬት አየች። መምህሩ ከቦርሳቸው ባዶ ቅጽ አውጥተው ጥናቷ ጀርባ ላይ አያያዙት። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የልጅቷና የወላጅ ፊርማ ካልመጣ ጥናቱ ዜሮ ነው፣ ትምህርቱን በሚመጣው ዓመት እንደገና ትወስጃለሽ፣ ምረቃሽም ከዛ በኋላ ነው አሏት። ቀጥለው ወደ ኋላ ወንበር መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፌንጣን፣ ካልፈለግሽ አትፈርሚም ልጄ፣ ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም አሏት። ይሄን ያሉት መቼም እናቷን ስለማያውቋት ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቤት ደርሰው በሩ ሲዘጋ ግን ነገሩ ከሁለቱም አፍ እኩል ፈነዳ፤ ማን ምን እንዳለ እናታቸው መኪናዋን አቁማ፣ ጨርቁን ጥላ ከመጋረጃው እስክትወጣ ድረስ አልተለየም። ለእናቷ ነገሩ አጭር ነበር። ታላቅሽ ናት፣ ስምሽ አልተጻፈ፣ ፎቶሽ አልተለጠፈ፣ አንዲት ፊርማ ናት፣ ፈርሚና ይለፍ። ቅጹን ተቀብላ የወላጅ የሚለው ላይ ቆማ ፈረመች፣ እስክሪብቶውንም ለፌንጣ ዘረጋችላት። ፌንጣ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

"ስሜ ነው ያልተጻፈው። እኔማ ከነሻምፖዬ ተጽፌያለሁ።"

"ይሄን ያህል የሚያስኮርፍ ነው?" አለች ሊቋ። "ማን ነሽ አንቺ? ማን ያውቅሻል?"

"አርባ ሰው ያውቀኛል። ዛሬ አስተዋውቀሽኝ የለ።"

እናታቸው ሁለታችሁም አፋችሁን ዝጉ፣ ሽማግሌው ተኝተዋል አለች። ከዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ፌንጣ ቀረብ አለችና ከመቆጣት የባሰ ነገር አደረገች፤ ለመነቻት። ወገቧን ይዛ፣ ይሄ ወገብ አንድ ዓመት ይጨምር ነው የምትዪው ወይ አለቻት። እናትየው መልስ ሳትጠብቅ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ ፔዳሉን ግን አልረገጠችም። እየሰማች ነው።

ሊቋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሁን ድምጿ ያ የምታብራራበት ድምጽ ነበር፣ ፌንጣ ከሁሉም አብልጣ የምትጠላው።

"አንድ ውሸት ጠቁሚኝ" አለች። "እዛ ወረቀት ላይ አንዲት ውሸት ጠቁሚኝና እኔ ራሴ እቀደዋለሁ።"

ይሄ ነው እንግዲህ አንጀቷን ያቃጠለው። ውሸት የለውማ። ስልኩ በመጣ በሦስተኛው ቀን ፌንጣ መቸኮል ጀምራ ነበር። አንቀጽ ትዘላለች። ፍርዱ ጋ ስትደርስ ማቆሟን ተወች፣ አያቷ ሳይፈርዱ ታነበውና ጋዜጣውን ታጥፋለች። አንድ ቀን አያትየው፣ ዛሬ ተሳፋሪ ሳትጭኚ ነው እንዴ የምትበሪው ብለዋታል፤ ስቃ ነው ያለፈችው። ስልኩ ሲቆም ደግሞ ተናደደች። ግን በአያቷ አልነበረም የተናደደችው፣ በሊቋ ነው። እንግዲያው እኔም አላነብም፣ እናያለን ማን እንደሚጎዳ አለች በሆዷ። አስር ሰዓት ሲደርስ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ትቀመጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። አንድ ቀን ሁለት ሆነ። ሁለት አራት ሲሆን ደግሞ ምን ብዬ ፊታቸው ልቅረብ የሚል ሐፍረት ተጨመረበት። ሐፍረት ነው ዘጠኝ ያደረሰው። ይሄን ሁሉ ለሊቋ ከምትነግራት ግን ብትሞት ይሻላታል፣ ምክንያቱም ሊቋ ወዲያው ስም ታወጣለታለች።

ስለዚህ ያላትን ብቻ አለች። "ባንቺ ተናድጄ ነው። በሳቸው አይደለም።"

"እሱም ተጽፏል። ገጽ ስድስት፣ ቁጣን ወዳልበደለ ሰው ማዞር።"

ፌንጣ ተወርውራ የሊቋን ቦርሳ አነሳች። ገጽ ስድስትን ልትቀድ ነበር መሰለኝ፣ ወይ እሷም አታውቅም። እጇ የገባው ግን የተተየበው ጥናት አልነበረም፣ ሊቋ በየቀኑ በእጇ የምትመዘግብበት ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ነው። ሊቋ "እሱን አስቀምጪ" ብላ ተነሳች። የተነሳችበት ፍጥነት ነው ያስነቃት። ፌንጣ ጠረጴዛውን ዞራ በመሃላቸው አደረገችና ገለጠች።

ሃያ ሁለተኛ ቀን፦ አልመጣችም። አባባ 10፡00 ላይ ሁለት ወንበር አወጡ። አንዱ ላይ ተቀመጡ። 11፡20 ሁለቱንም አስገቡ።

ሃያ ሦስተኛ ቀን፦ አልመጣችም። ሁለት ወንበር። 11፡30 አስገቡ።

ሃያ አራተኛ ቀን፦ ሁለት ወንበር። ጋዜጣው ጭናቸው ላይ። 11፡45።

እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሁሉም በዛች በምታምር፣ አንድ ፊደል በማታዛንፈው ጽሑፏ። ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ዝናብ ነበር ይላል፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ከዛ የመጨረሻው መስመር።

ሠላሳኛ ቀን፦ አልወጡም።

ፌንጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም፣ ለሊቋ ያንን ደስታ አትሰጣትም።

"ይሄ ጥናቱ ውስጥ የት አለ?"

"ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም።"

"በመስኮት እያየሽ ነበር። ስምንት ቀን።"

"ተመልካች ጣልቃ አይገባም። ሕጉ ነው፣ ከገባሁ ውጤቱ ይበላሻል።"

"አንቺ እኮ የልጅ ልጃቸው ነሽ።"

"አንቺስ?" አለች ሊቋ።

እናንተ፣ እሷን ቃል ስሰማ እኔ ራሴ ነኝ የተመታሁት። ከመጋረጃው ወዲያ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

አያትየው የመጡት ይሄኔ ነው። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ በካልሲ። ተኝተዋል የተባሉት ሰውዬ አንድም ቃል አላመለጣቸውም ነበር። በሩ መቃን ላይ ደገፍ ብለው ቆሙ፣ ፊታቸው ከሁለቱ ልጆች መሃል ወዳለው ባዶ ቦታ ዞሮ።

"እኔንስ ምን ብላ ጻፈችኝ?" አሉ።

ፌንጣ ናት የመለሰችው፦ "አንድ አረጋዊ።"

"ተሳታፊ ለ እንኳን አይደለሁም?"

"አይደሉም አባባ። እርስዎ ድርጊቱ ነዎት።"

ሳቁ። ሳቅ ግን አይምሰላችሁ፣ በአፍንጫ የሚወጣው ዓይነት ነው። ሊቋ ቀልጠፍ ብላ ልታስረዳቸው ጀመረች፤ ጥናት እንደሆነ፣ ማንንም ለመጉዳት እንዳልሆነ፣ ነገ ካልተፈረመ አንድ ዓመቷ እንደሚቃጠል። እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

"ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ጫንኩ" አሉ። "ማን ወዶ ተሳፈረ፣ ማን ቸግሮት ተሳፈረ ብዬ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም። ለስልክ ትምጣ፣ ለእኔ ትምጣ፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች ለእኔ ተሳፋሪ ናት። ግን ሰው ጥለሽ ስትሄጂ ክላክስ ታደርጊያለሽ። ያለ ክላክስ አይኬድም። ይሄን ሁለታችሁም አታውቁም።"

ፌንጣ አባባ ብላ ወደሳቸው አንድ እርምጃ ሄደች። እሳቸው ግን ዞረው ነበር። አስር ሰዓት ከሩብ ነው፣ ጋዜጣው ሬዲዮናቸው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉት። አላላተሙትም። ቀስ ብለው፣ እስኪቆለፍ ድረስ ገፉት።

ሊቋ ቅጹንና ጥናቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፣ እስክሪብቶውንም ላዩ ላይ። አለመነችም። መለመን አታውቅበትም፣ ይሄንንስ ልመስክርላት።

"ይኸው፣ አንድ ዓመቴን እጅሽ ላይ አድርጌልሻለሁ" አለች። "ደስ ይበልሽ።"

"ወንበሮቹን ጻፊ፣ እፈርማለሁ።"

"ምን?"

"ደብተሩ ላይ እንዳለው። ሁለት ወንበር፣ ስምንት ቀን፣ በመስኮት። ጥናቱ ውስጥ አስገቢው።"

ሊቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታብራራበትን ድምጽ አጣችው። "መምህሩ ያንን ቢያነቡ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?" አለች። "ሰው ሲጎዳ በመስኮት እያየች ሰዓት የምትመዘግብን ሴት፣ ሕፃን እንዴት አምነን እንሰጣታለን ነው የሚሉት። ውጤቱ ብቻ አይደለም። ሥራውን ነው የምትነጥቂኝ።"

ፌንጣ ታውቃለች፣ እውነት ነው፣ እንደዛ ነው የሚሉት። እሷስ ራሷ፣ የአራት ዓመት ልጅ ቢኖራት ለሊቋ ትሰጣት ነበር? አታውቅም። ግን ደግሞ ሊቋ ልጆች ላይ ክፉ አይደለችም፤ ያ ቤት ለቆ የሄደው ሕፃን በሄደበት ቀን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ፌንጣ አይታታለች። ሰው ክፉ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ክፉ ቢሆን እንዴት ይቀል ነበር።

ሊቋ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። የውሃው ድምጽ ከጓሮ ይሰማል። የስፌት መኪናው አሁንም ዝም ብሏል።

ፌንጣ ብቻዋን ቀረች፣ ከእስክሪብቶው ጋር። ተቀመጠች። አርፋ ተቀመጠች፣ እግሯን እንኳን ሳታወዛውዝ። የጥናቱን የመጨረሻ ገጽ ፈለገች፤ ሽልማቱ ሲቆም ድርጊቱም ቆመ የሚለው ዓረፍተ ነገር ስር አንድ እጅ የሚያህል ነጭ ቦታ አለ። የመጀመሪያ ሐሳቧ ዓረፍተ ነገሩን መሰረዝ ነበር። እስክሪብቶውን አስጠግታ ተወችው። እውነት ነዋ፣ ምን ታድርገው።

ከስሩ ጻፈች። ጽሑፏ እንደ ሊቋ አያምርም፣ መስመሩን ለቆ ወደ ላይ ይወጣል።

ከሃያ ሁለተኛው እስከ ሃያ ዘጠነኛው ቀን አያታችን ሁለት ወንበር አውጥተው ጠብቀዋል። ተሳታፊ ሀ ሆን ብላ ቀርታለች። ተመልካቿ በመስኮት አይታ ዝም ብላለች። በሠላሳኛው ቀን መጠበቅ አቆሙ።

ከዛ ፈረመች። ቅጹ ላይ አይደለም፣ እዛው የጻፈችው ስር፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ።

ሊቋ ፊቷ ውሃ እያንጠባጠበ ገባች፣ ቆማ አነበበች። እልቂት ይሆናል ብላ ፌንጣ ትከሻዋን ሰብስባ ነበር። ሊቋ ግን ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ እንደገና ከላይ አነበበችው።

"ይሄን ገጽ ነቅዬ ሌላ ማተም እችላለሁ" አለች በመጨረሻ።

"ትችያለሽ። ፊርማዬ ግን እዚህኛው ላይ ነው ያለው።"

"ለአባባ ብለሽ ነው ወይስ እኔን ለመበቀል?"

እናንተ፣ እዚህ ጋ ፌንጣ መዋሸት ትችል ነበር። ለአባባ ብዬ ብትል ማን ይከራከራታል? ግን ውስጧን ፈልጋ ፈልጋ የቱ እንደሚበልጥ አላገኘችውም። "አላውቅም" አለች። "እሱንም ጻፊው።"

ተነስታ ወደ አያቷ በር ሄደች። እጇን ዘርግታ ከማንኳኳቷ በፊት ዞር ብላ ስታይ ሊቋ አሁንም ወረቀቱን እንደያዘች ጠረጴዛው ጋ ቆማለች፣ አልቀደደችውም፣ ቦርሳዋም ውስጥ አልከተተችውም።

በናታችሁ ንገሩኝ፣ እናንተ ፌንጣን ብትሆኑ ያንን ጽፋችሁ ትፈርሙ ነበር፣ ወይስ ዝም ብላችሁ ቅጹ ላይ? ሊቋን ብትሆኑስ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የትኛውን ገጽ ይዛችሁ ትገቡ ነበር?